ከፍላስኩ እስከ ፖስታ ሣጥኑ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምሠራበት ላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረ ውድ የመመርመሪያ ኬሚካል ሌሊቱን ሞቆ ተበላሸ። የማቀዝቀዣው በር ክፍቱን አድሮ ነበር። ኃላፊዎቻችን የመግቢያ ካርዶችን መዝገብ አስወጥተው ሲመለከቱ፣ በዚያ ሳምንት ከሥራ ሰዓት ውጭ ደጋግሞ የተመዘገበው ካርድ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ጠሩኝና ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ፣ በዚያ ሰዓት ብቻዬን ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝ። ቤተሰቤ ለክረምቱ አዲስ አበባ ሄዶ እንደነበርና ባዶ ቤት ውስጥ ከመቀመጥ የተከማቸ ሥራ ማጠናቀቅን መርጬ እንደነበር ነገርኳቸው። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን እኔን ራሴን እንኳ የማያሳምን ሆኖ ተሰማኝ። ጥቂት ቆይቶ የበሩ ማሸጊያ ላስቲክ እንዳረጀና በሩ በራሱ እንደሚከፈት ታወቀ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ለእነርሱ ተዘጋ እንጂ እኔን ሲከነክነኝ ቆየ። ያንኑ ጥያቄ የተጠየቀ፣ የእኔን የመሰለ መልስም የሰጠ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ። ከምኖርበት የሜሪላንድ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ በፍሬድሪክ ከተማ በሚገኘው በፎርት ዴትሪክ፣ የጦር ሠራዊቱ የተላላፊ በሽታዎች የምርምር ተቋም ባልደረባ የነበረው የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ብሩስ አይቪንስ ነው። ለእርሱ ያረጀ ላስቲክ አልተገኘለትም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2001 መገባደጃ ላይ በፖስታ ተልኮ 5 ሰዎችን የገደለውንና 17 ሰዎችን ያሳመመውን የአባሰንጋ ዱቄት ብቻውን አዘጋጅቶ ብቻውን የላከው እርሱ ነው ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያን መኸር ወሬ መልሼ አልተርክም፤ በዋሽንግተን ዙሪያ የነበረ ሰው ሁሉ የደረሰውን ደብዳቤ በፍርሃት እየዳበሰ ይከፍት እንደነበር ያስታውሳል። ስለ ምርመራው ግን የምለው አለኝ። አይቪንስ ንጹሕ ነው ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ከመንግሥት ጋር የማልስማማው፣ የቀረቡት ማስረጃዎች ሊሸከሙት የማይችሉትን ያህል እርግጠኝነት ስለተጫነባቸው ነው።

የሌሊቱ መዝገብ

የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2010 ምርመራውን መዝጋቱን ሲያስታውቅ 92 ገጽ ያለው ማጠቃለያ አብሮ አውጥቷል። ከማቀዝቀዣው ጉዳይ በኋላ ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ንባቤን ያቆመኝ አይቪንስ በሌሊት በአደገኛ ጀርሞች ክፍል ውስጥ ያሳለፈውን ሰዓት የሚያሳየው ክፍል ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ዝቅተኛ የነበረው ቁጥር በኦገስት 2001 ይነሣና በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ከፍ ብሎ ይታያል። ደብዳቤዎቹ የኒው ጀርሲ የፖስታ ማኅተም የተመታባቸው ሴፕቴምበር 18 እና ኦክቶበር 9 ነው። ሰውዬው ከሁለቱም ቀናት በፊት በነበሩት ሌሊቶች ብቻውን እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። መርማሪዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁት ከቤቱ ጭንቀት ለመሸሽ እንደሆነ ነገራቸው። የሥራ ደብተሩ ግን ለእነዚያ ሰዓታት የሚመጥን ሙከራ አልተመዘገበበትም።

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ እንደማንኛውም አንባቢ «በቃ፣ እርሱ ነው» የሚል ስሜት ነበር። ከዚያ ግን የራሴን ደብተር አሰብኩ። በዚያ ሳምንት ሌሊቶች የሠራሁት አሮጌ ናሙና መለየት፣ ዕቃ ማጠብና መለያ ወረቀት መቀየር ስለነበረ ደብተሬ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልሰፈረም፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም አይመዘግበውም። የካርዱ መዝገብ የሚመሰክረው በሩ መከፈቱን እንጂ እጅ የሠራውን አይደለም። እጅ የሠራውን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እርሱ በሌለበት ግን መዝገቡ ከመጠርጠሪያነት አያልፍም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንደሚባለው መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ የመርማሪ ሥራም ያው ነው። ችግሩ የሚመጣው ጥርጣሬው በጊዜ ብዛት ብቻ ወደ ማረጋገጫ ሲያድግ ነው።

በ2011 ፍሮንትላይን፣ ፕሮፐብሊካና ማክላቺ የተባሉት የዜና ተቋማት በጋራ ባደረጉት የጋዜጠኝነት ምርመራ ሰውዬው በዚያ ዘመን በቢሮውና በተቋሙ ሌሎች ላቦራቶሪዎችም በሌሊት ይሠራ እንደነበር ጽፈዋል። ሙሉው ሥዕል ሲታይ የሌሊት ሥራ ልማዱ ነበር ማለት ነው። መንግሥት ያሳየን የአንዱን ክፍል ሰዓት ብቻ ነጥሎ ነው። ይህ ነጻ አያወጣው ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ዳኛ ፊት ቢቀርብ የተከላካዩ ጠበቃ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሆን ነበር።

ፍላስኩ የሚለውና የማይለው

የመንግሥት ክስ ምሰሶው አር.ኤም.አር.-1029 የተባለው ፍላስክ (የላቦራቶሪ ጠርሙስ) ነው። በ1997 የተዘጋጀ፣ ንጹሕ የአባሰንጋ ስፖር (ባክቴሪያው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ለረጅም ጊዜ የሚቆይበት መልኩ) የሞላበት፣ አይቪንስ የሚጠብቀው ፍላስክ ነበር። የዋሽንግተኑ ዐቃቤ ሕግ ጄፍሪ ቴይለር በኦገስት 2008 በሰጡት መግለጫ ይህን ፍላስክ በተግባር የግድያው መሣሪያ አድርገው አቅርበውታል።

ወደ ፍላስኩ ያደረሰውን ሳይንስ እኔ በሙያዬ አደንቀዋለሁ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ኤምስ የተባለው ዝርያ መሆኑን፣ ማለትም በ1981 ቴክሳስ ውስጥ ከሞተች አንዲት ጊደር የተወሰደው ዝርያ መሆኑን የለየው የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲው የፖል ካይም ላቦራቶሪ ነው። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎች ዱቄቱን በሳሕን ላይ ሲያበቅሉ ከሌሎቹ የተለየ ቅርጽ ያላቸው ጥቂት የባክቴሪያ ክምችቶች አዩ፤ ከእነዚህም አራት የዘረ መል ለውጦችን ነጥለው መመርመሪያ ሠሩላቸው። ኤምስን ከያዙ ላቦራቶሪዎች ከ1,000 በላይ ናሙናዎች ተሰበሰቡ። አራቱንም ለውጦች ይዘው የተገኙት 8 ናሙናዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም ዘራቸው ከዚያ ፍላስክ ይመዘዛል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር የተከተለ ሥራ ነው።

ሆኖም ሥሩ ላይ መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ ማን እንደቀዳ ማወቅ ሌላ ነው። በደብዳቤው ውስጥ የነበረው ዱቄት ከፍላስኩ በቀጥታ የተቀዳ አይደለም፤ የሆነ ሰው፣ በሆነ ቦታ፣ ጥቂት ወስዶ እንደገና አብቅሎታል። ከፍላስኩ የተወሰደ ነገር በተቋሙ ውስጥ ለሌሎች ተመራማሪዎች ተሰጥቷል፤ ኦሃዮ ወዳለው ባቴል ተቋምም ተልኳል። ኤፍ.ቢ.አይ. ራሱ ሊደርሱበት ይችሉ የነበሩት ሰዎች ከ100 በላይ እንደሆኑና አንድ በአንድ እንዳጣራቸው ተናግሯል። አንባቢ ከሁሉ በላይ ማየት የሚፈልገው ያንን ማጣራት ነበር፤ ማጠቃለያው ስለ አይቪንስ የግል ሕይወትና የአእምሮ ጤና በሰፊው ሲያወራ፣ ሌሎቹ በምን እንደተሰረዙ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

ናሙና የማቅረቡን ጉዳይም ልጨምር፤ እኔን ከሁሉ ያከራከረኝ እርሱ ነውና። መርማሪዎቹ እንደሚሉት አይቪንስ በኤፕሪል 2002 ያስረከበው ናሙና አራቱን ለውጦች አላሳየም፤ ስለዚህ ሆን ብሎ ሐሰተኛ ናሙና ሰጥቷል። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ፣ ሌላ ናሙና አስረክቦ ነበር። አዘገጃጀቱ ከመመሪያው ውጭ ነው ተብሎ አንደኛው ቅጂ ተወገደ። ሁለተኛው ቅጂ በካይም ላቦራቶሪ አሪዞና ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ ከዓመታት በኋላ ሲመረመር አራቱንም ይዞ ተገኘ። ምሥጢሩን ሊደብቅ የሚፈልግ ሰው ትክክለኛውን ናሙና በራሱ እጅ ለምን ያስረክባል? በኤፕሪል ነቅቶ ይሆናል፤ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል እነዚያ ለውጦች በፍላስኩ ውስጥ በጣም ጥቂት በሆኑ ስፖሮች ላይ ብቻ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ከዚያው ፍላስክ በድጋሚ ከተወሰዱ ናሙናዎች መካከልም አራቱንም ያላሳዩ ነበሩ። ናሙና መውሰድ የዕለት ሥራው የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል።

ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ፣ በኤፍ.ቢ.አይ. ጥያቄና ክፍያ፣ በአሊስ ጋስት ሰብሳቢነት የባለሙያዎች ኮሚቴ አቋቁሞ ይህን ሁሉ መረመረ። የደረሰበትም፣ ባለው ሳይንሳዊ ማስረጃ ብቻ የደብዳቤዎቹ ባክቴሪያ ከየት እንደመጣ ቁርጥ ያለ መደምደሚያ መስጠት አይቻልም የሚል ነው። የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮም በዲሴምበር 2014 ባወጣው ሪፖርት የዘረ መል ምርመራው የስታቲስቲክስ መሠረቱ ደካማ እንደነበር ጽፏል። ኤፍ.ቢ.አይ. በበኩሉ ድምዳሜው በሳይንሱ ብቻ ሳይሆን በማስረጃዎቹ ሁሉ ድምር ላይ የቆመ መሆኑን መለሰ። መልሱ መልካም ይመስላል፤ ግን ድምሩን ስንፈታው ምን እናገኛለን? ወደ አይቪንስ ያደረሳቸው ፍላስኩ ነው። ፍላስኩ ብቻውን አይበቃም ሲባል ወደ ሌሊት ሰዓቱ፣ ወደ ኢሜይሎቹ፣ በደብዳቤው ላይ ደምቀው ወደተጻፉትና ምሥጢራዊ መልእክት ይዘዋል ወደተባሉት ፊደላት ይመሩናል። እነዚያ ለምን በእርሱ ላይ ብቻ ክብደት እንደሚኖራቸው ስንጠይቅ ደግሞ ፍላስኩ የእርሱ ስለነበረ ነው ይሉናል። እያንዳንዱ ማስረጃ በሌላው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ በራሱ እግር የቆመ አንድ እንኳ ፈልጌ አጣሁ። ቤቱና መኪናው ተበርብረው የአባሰንጋ ስፖር አልተገኘባቸውም። ከፍሬድሪክ ሦስት ሰዓት ገደማ ተነድቶ የሚደረስበት የፕሪንስተኑ የናሶ ጎዳና ፖስታ ሣጥን ዘንድ በዚያን ሰሞን መገኘቱን ያሳየ ደረሰኝም ሆነ የዓይን ምስክር አልቀረበም።

አንድ መንግሥት፣ ሁለት ክርክር

የመጀመሪያው ሟች በፍሎሪዳ የአንድ የጋዜጣ አሳታሚ ድርጅት የፎቶ አዘጋጅ ነበር። ባለቤቱ፣ መንግሥት አደገኛ ጀርሞቹን በወጉ አልጠበቀም ስትል ከሰሰች። በጁላይ 2011 ለዚህ ክስ መልስ የጻፉት የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የፍትሐ ብሔር ጠበቆች፣ አይቪንስ ይሠራበት በነበረው ጥብቅ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያለውን ደረቅ ዱቄት ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ልዩ መሣሪያ እንዳልነበረ ለፍርድ ቤቱ ገለጹ። የሥራ ባልደረቦቻቸው የሆኑት የወንጀል መርማሪዎች ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ዱቄቱ በዚያው ክፍል ተሠርቷል ብለው ነበር። ተቃርኖው ሲጋለጥ ጠበቆቹ መልሳቸውን ለማስተካከል ፍርድ ቤቱን ጠየቁ፤ ማድረቂያው መሣሪያ በዚያው ሕንፃ ውስጥ እንደነበረ ጨመሩበት። ክሱም በኖቬምበር 2011 በ2.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት አለቀ።

እርማቱ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የሰባት ዓመት ምርመራ ከተደረገና ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ፣ የግድያው መሣሪያ የተሠራበትን ዘዴና ቦታ በተመለከተ የአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ክፍሎች አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር መጻፍ አልቻሉም። የአይቪንስ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ሄንሪ ሄይን በኤፕሪል 2010 ለአካዳሚው ኮሚቴ ቀርበው፣ ያን ያህል ስፖር በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ሳያይ ማዘጋጀት አይቻልም ሲሉ መስክረዋል። ኤፍ.ቢ.አይ. ይቻላል ይላል። ሁለት ባለሙያዎች ሲለያዩ የሚዳኛቸው መስቀለኛ ጥያቄ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከተከሳሹ ጋር ተቀበረ።

አውጫጭኝ

በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሌባው ወይም ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ይከተታል፣ ጥፋተኛው እስኪጠቆምም ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ካልተጠቆመ ዕዳው የሁሉም ይሆናል። የሥርዓቱ ኃይልም ድካምም አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ስም መውጣት አለበት። የ2001ን ምርመራ ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ ይህ ነው። ከ10,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል፤ 80 ብርበራዎች ተካሂደዋል፤ ሁለት ሴናተሮች፣ ዳሽልና ሌሂ፣ ዒላማ ተደርገዋል፤ የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በፌብሩዋሪ 2003 በጸጥታው ምክር ቤት ትንሽ ጠርሙስ ከፍ አድርገው ስለ ኢራቅ ሲናገሩ ይህንኑ ጥቃት ጠቅሰዋል። እንዲህ ባለ ጉዳይ «አላወቅንም» ብሎ መበተን ለማንም መሪ ከባድ ነው።

የመጀመሪያው የወጣ ስም የስቲቨን ሃትፊል ነበር። በኦገስት 2002 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን አሽክሮፍት በቴሌቪዥን «ትኩረት የሚሰጠው ሰው» አሉት። ሥራው ሄደ፤ መኪና በየሄደበት ተከተለው፤ በፍሬድሪክ አቅራቢያ ያለ ኩሬ እንኳ እስከ መቀዳት ደረሰ። በመጨረሻ በጁን 2008 መንግሥት 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍለው ተስማማ። ቀጥሎ ያለውን የቀን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። በሚቀጥለው ወር፣ ጁላይ 29፣ ክስ ሊመሠረትበት መሆኑን ያወቀው አይቪንስ ከመጠን በላይ የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ሞተ። ኦገስት 6 ቀን መንግሥት ብቸኛው ጥፋተኛ እርሱ ነው ብሎ አወጀ። በሃትፊል ላይ የነበረው ጥርጣሬ ስሕተት መሆኑ የታወቀው ሰውዬው በሕይወት ስለነበረና ስለተከራከረ ነው። የአይቪንስን ማን ይከራከርለት?

ጥርጣሬው የተራ ሰው ሐሜት አለመሆኑን ለማሳየት ሁለት ሰዎችን ብቻ ልጥቀስ። ደብዳቤው የተላከባቸው ሴናተር ሌሂ ራሳቸው በሴፕቴምበር 2008 የኤፍ.ቢ.አይ. ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት፣ አይቪንስ ላኪው ቢሆን እንኳ ብቻውን ነበር ብለው እንደማያምኑ ነግረዋቸዋል። ምርመራውን ከ2002 እስከ 2006 የመሩት ሪቻርድ ላምበርት ደግሞ በ2015 ባቀረቡት ክስ መሥሪያ ቤታቸው አይቪንስን የሚጠቅሙ ማስረጃዎችን ይዞ እንዳላወጣ ከሰዋል። ክስ ነው፤ የተረጋገጠ አይደለም። ግን ከውስጥ የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ በዚያ ዘመን በዋሽንግተን ፖስታ ቤት ይሠሩ ለነበሩ አንድ የማከብራቸው ጋሼ አጫወትኳቸው። የዳሽል ደብዳቤ ኦክቶበር 15 ሲከፈት የምክር ቤቱ ሠራተኞች ወዲያው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ደብዳቤው ያለፈበት የብሬንትዉድ የፖስታ ማደያ ግን እስከ ኦክቶበር 21 ሥራ ላይ ቆየ፤ ሁለት ሠራተኞችም ሞቱ። ጋሼ ሲፕሮ የተባለውን የአባሰንጋ መከላከያ መድኃኒት ለመቀበል በዲሲ ጄኔራል ሆስፒታል ከተሰለፉት አንዱ ነበሩ። ስለ አይቪንስ ስጠይቃቸው፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ እኔ የማውቀው የለም» አሉኝና ጥቂት አሰቡ። «ግን አንተ ልጅ፣ የሞተ ሰው ላይ ከተሳበበ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ አይኖርም። ስድስት ቀን ለምን አሠሩን ብለን ስንጮህ የነበርነው እኮ በዚያው ተረሳን።» ምርመራው ሲዘጋ አብረው የሚዘጉ ሌሎች ጥያቄዎች እንዳሉ ከእርሳቸው በፊት አላሰብኩትም ነበር።

የራስህን ፍርድ ስጥ ብባል፣ ዱቄቱ ከዚያ ፍላስክ ዘር ሳይወጣ አይቀርም እላለሁ፤ አይቪንስም ላኪው ሊሆን ይችላል። ከዚህ አልፌ ለመሄድ የሚያስችለኝ ነገር አላየሁም። የኒው ጀርሲው የምክር ቤት አባልና የፊዚክስ ባለሙያው ረሽ ሆልት ነጻ አጣሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም ደጋግመው ጠይቀው ነበር፤ አልተቋቋመም። ከሁሉ በላይ የማይዋጥልኝ ግን ከማንም አስተያየት ያልመጣ፣ በቀን መቁጠሪያ ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ኤፍ.ቢ.አይ. ሳይንሱን እንዲመዝንለት አካዳሚውን የጠየቀው ራሱ ነው፤ ገንዘቡንም የከፈለው ራሱ ነው። አካዳሚው ውጤቱን ይዞ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2011 ብቅ ሲል፣ ፋይሉ ከተዘጋ አንድ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶት ነበር።